አራት ፓኔል ምጣድ ይጎትታል ተባልን፤ እውነት ነው?

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፤ አባትና እናቴ ያሉት ግን ከብቸና ወጣ ብሎ ገጠር ነው። የኤሌክትሪክ ምሰሶ በቀበሌው ጫፍ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ወደ እኛ ጎጥ የሚታጠፍ ሽቦ ግን እስካሁን የለም። አምና ጤፉ ደህና ስለሰጠ አባቴ የሣር ቤቱን አፍርሶ ባለ 60 ቆርቆሮ ቤት ሠራ። እኔና እህቶቼ ደግሞ ተዋጥተን ሶላር ልናስገባላቸው ተነሣን።

አንድ ባለሙያ ቤቱን አየና ባለ 550 ዋት 4 ፓኔል፣ ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት 2 ጄል ባትሪ፣ 3 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠው ዕቃ) እና 6 አምፖል የሚል ወረቀት ሰጠን። እናቴ ምጣድስ ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀችው። እንዴታ፣ አራት ፓኔል እኮ ነው አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ስለ መብራት ማውራት ትታለች፤ ወሬዋ ሁሉ ምጣድ ሆኗል።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። ምጣዱ እውነት ነው ወይ? ፓኔሉ ቆርቆሮው ላይ ይውጣ ወይስ ግቢ ውስጥ በብረት ይቁም? ሰውየው ግማሹን ቀብድ ካልያዘ ዕቃ አያመጣም፤ ልስጠው?

(ይህን መድረኩ ላይ ከጻፍኩ ወዲህ መልሱ 31 ደርሷል። መሐል ላይ ጠብም ወሬም ስለገባበት አዲስ የሚመጣ ሰው ጫፉን አያገኘውም። ስለዚህ በየተራው የተባለውን በራሴ አነጋገር ከታች አስቀምጫለሁ። ያሳጠርኩት አለ፤ ያስረዘምኩት ለእኔ የጠቀመኝን ነው።)

1ኛ መልስ። የሉማሜ ሰው ነው። ለወላጆቼ እንኳን ለአዲስ ቤት አበቃችሁ ብሎ መረቀና ግማሽ ቀብድ እንዳልሰጥ ብቻ አስጠንቅቆ ወጣ። ምክንያቱን አልተናገረም፤ የተቃጠለ ሰው አጻጻፍ ግን ነበር።

2ኛ መልስ። ፍኖተ ሰላም የሚሠራ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ክሩ (የመልሶቹ ተርታ) ሁሉ የዞረው በዚህ መልስ ዙሪያ ነው። የጀመረው ከፓኔሉ ሳይሆን ከምጣዱ ነበር። የቤት ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል፤ 3.5 ነው እንበል አለ። የእኛ ኢንቨርተር 3 ኪሎ ዋት ስለሆነ ምጣዱ ገና ሲሰካ ጮኾ ይዘጋል። ትልቅ ኢንቨርተር ቢገዛም ነገሩ ባትሪው ላይ ይወድቃል፦ ሁለቱ ባትሪዎች ተቀጣጥለው 24 ቮልት ሲሆኑ፣ 3,500 ዋት ማለት 146 አምፔር ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ሲታከልበት ከዚያም ያልፋል። እንዲህ ያለውን አምፔር የሚሸከም ገመድ ውፍረቱ የጣት ያህል ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው።

ቀጥሎ ባትሪው የሚይዘውን ቆጠረ። 12 ቮልት በ200 ሲባዛ 2,400 ዋት ሰዓት፣ ሁለቱ 4,800። ጄል ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር ሊነካ የሚገባው 2,400ው ብቻ ነው። ይህ ለ3,500 ዋት ምጣድ ሲካፈል 41 ደቂቃ ይሆናል፤ ባትሪ በችኮላ ሲጠጡት ደግሞ ከልኩም ያነሰ ነው የሚሰጠው። ምጣዱ እስኪግል ሩብ ሰዓት ይሄዳል። የቀረው ሲሰላ ሰፌዱ ላይ አሥረኛው እንጀራ ሳይደርስ ቤቱ ይጨልማል። ሊጡ ቡሃቃው ውስጥ እንደሞላ ማለት ነው። ያን የጻፈው እየሳቀ ይመስለኛል፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ እናቴን ነው ያሰብኳት።

በቀን ፀሐይ በቀጥታ ከፓኔሉ ቢጋገርስ ለሚለውም መልስ ነበረው። አራቱ ፓኔሎች ቢደመሩ 2,200 ዋት ናቸው፤ ያውም ጥርት ባለ ቀትር። ምጣዱን ለብቻቸው ለመሸከም ስምንት ያህል ፓኔል፣ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተርና በ48 ቮልት የሚሠራ ባትሪ ይጠይቃል። ይቻላል፤ ገንዘቡ ግን ለሁለት ቀን እንጀራ ሲባል አንድ ጥማድ በሬ ሽጦ የሚበቃ አይደለም።

3ኛ መልስ። ባሕር ዳር የሚኖር ሰው ነው፤ 2ኛውን ከሥሩ ነው የተቃወመው። እሱ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ በሶላር ሲጋገር እንደኖረ፣ ኤሌክትሪሻን ነን የሚሉ ሰዎች ደግሞ የማያውቁትን አይቻልም ማለት እንደሚወዱ ጻፈ። ድምፁ ከፍ ያለ ነበር። ስንት ፓኔል እንዳለው ግን አልጻፈም፤ ይህን ልብ በሉልኝ፣ በ28ኛው እመለስበታለሁ።

4ኛ መልስ። ከደጀን የጻፈች እህት ናት። ሁለቱን ወንዶች ዋትና አምፔራቸውን ይዘው ወደ ጎን እንዲቆሙ ካደረገች በኋላ ጥያቄውን ወደ እኔ አዞረችው። ወረቀቱ ላይ ካሉት ስድስት አምፖሎች ማድ ቤት የሚገባው ስንት ነው? ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። ሳሎን ሁለት፣ መኝታ ሁለት፣ በረንዳ አንድ፣ በረት አንድ። ማድ ቤት ባዶ ነው። ላሟ መብራት ደረሳት፣ እናቴ አልደረሳትም። ይህን እዚያው ክሩ ላይ ሳምን ሰው ሁሉ ምን ያህል እንደተሳለቀብኝ አልዘረዝርም።

እሷ ግን ሳቅ ላይ አልቆመችም። እናቷ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ዓይናቸው እንደተጎዳ፣ ሴት ምጣድ ስትጠይቅ ቅንጦት እየጠየቀች እንዳልሆነ ተናገረች። ሶላሩ ምጣዱን ካልቻለ ከዋጋው ላይ ጥቂት ቀንሼ ምርጥ ምድጃ የሚባለውን እንዳሠራላት መከረችኝ። ምርጥ ከሲሚንቶ የሚሠራ፣ ዙሪያው የተዘጋ የእንጀራ ምድጃ ነው፤ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን እንደሚቆጥብ የታወቀ ነው። ጭሱ በኋላ በኩል ወጥቶ በቱቦ ወደ ውጭ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። ለሶላር ጥያቄ የሲሚንቶ ምድጃ መልስ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

5ኛ፣ 6ኛ እና 7ኛ። 5ኛው አባይ ተገድቦ 5,150 ሜጋ ዋት እያለን ቆርቆሮ ላይ መስተዋት መለጠፍ ምን አመጣው የሚል ነበር። 6ኛው በትሕትና ነው የመለሰለት፦ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ሁላችንንም አስደስቶናል፤ ነገር ግን ማመንጨት ሌላ፣ ከፍተኛ መስመር ሌላ፣ ትራንስፎርመር ሌላ፣ ከምሰሶ ወደ ጎጆ የሚገባው ሽቦ ደግሞ ሌላ ነው። 7ኛው አንድ አዛውንት ናቸው፤ ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። ጢስ አባይ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ልጅ እንደነበሩ፣ ፏፏቴው ሥር ተወልደው ግን በኩራዝ ፊደል እንደቆጠሩ አጫወቱን። የበለስ ማመንጫም በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት ይዞ መጣ፤ የዘመዶቻቸው ጎጥ ዛሬም በባትሪ መብራት ነው። 5ኛው ሰውዬ ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

8ኛ። 3ኛው ሰው ስንት ፓኔል እንዳለው እንዲናገር የጠየቀ። መልስ የለም።

9ኛው የእኔ ነው። እሺ ምጣዱን አወጣሁት፤ የቀረው ቤት ስንት ይፈልጋል ብዬ ጠየቅሁ። ማድ ቤትን ጨምሬ አምፖሉን ሰባት አድርጌዋለሁ።

10ኛ። 2ኛው ኤሌክትሪሻን ተመልሶ ከእኔ ጋር ቆጠረ። ሰባት ባለ 7 ዋት አምፖል ለአምስት ሰዓት 245፤ 50 ዋት ቴሌቪዥን ለአራት ሰዓት 200፤ ሬዲዮና ስልክ 90። ድምሩ 535 ዋት ሰዓት፤ ይኸው ነው የገጠር ቤት። ወደፊት ትንሽ ፍሪጅ ከተፈለገ በቀን አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጨመራል። አንድ ባለ 550 ፓኔል በበጋ ጥሩ ፀሐይ አምስት ሰዓት ያህል ቢያገኝ፣ በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 1,900 ይሰጣል። ስለዚህ ለበጋ አንዱ ይተርፋል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ደመናው የተቀመጠበት ቀን ከግማሽም በታች ሊወርድ ስለሚችል ፍሪጅ ካለ ሁለት ይሁን አለ። አራቱ ለማን እንደሆነ እሱም አልገባውም።

አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ ፓኔል የሚወደው ብርሃን ነው እንጂ ሙቀት አይደለም። ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በየዲግሪው ከመቶ 0.4 ገደማ ይቀንሳል። የደጋው ብርድና የጥቅምት ጥርት ያለ ፀሐይ አንድ ላይ የተገኙበት የእኛ አገር ለዚህ የታደለ ነው።

11ኛ። ከደምበጫ አንድ አናጢ። እኔ ስለ ሽቦ ስጨነቅ እሱ ስለ እንጨት ነው የጠየቀኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ይህ መልስ ነው። ወራጁ ባሕር ዛፍ ነው ወይስ ጣውላ? ተልጦ ደርቆ ነው የገባው ወይስ እርጥቡን? ምስጥ አይቷል? አንድ ባለ 550 ፓኔል ርዝመቱ 2 ሜትር ከ28፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ13፣ ክብደቱ 28 ኪሎ ገደማ ነው። ክብደቱን ቤቱ ይችለዋል፤ የሚያስፈራው ነፋሱ ነው። የሚያዝያ ነፋስ ከሥሩ ከገባ ፓኔሉን እንደ ክንፍ ያነሣዋል፤ ብሎኑ የተመታው ቆርቆሮው ላይ ብቻ ከሆነ ቆርቆሮውንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ብሎኑ ቆርቆሮውን አልፎ ማገሩን ወይም ወራጁን መንከስ አለበት።

ሁለተኛው ምክሩ ስለ ቀዳዳው ነው። ብሎን የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው፤ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ውስጥ የመታ ሰው ክረምት ሲገባ ባልዲ ይግዛ። ጎማ ያለው ሮንዴላ ከእያንዳንዱ ብሎን ሥር መግባት አለበት፤ የአልሙኒየም ሐዲዱ ፓኔሉን ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ካደረገው አየር ገብቶ ያቀዘቅዘዋል። ወፍ ጎጆ እንዳይሠራበትስ ብዬ ብጠይቀው ይሠራበታል፣ ምን ይደረግ፣ በዓመት አንዴ ትጠርገዋለህ የሚል ነበር መልሱ።

12ኛ። የሰከላ ሰው ነው። በረዶ! ቆርቆሮ የሚበሳ በረዶ በሚወርድበት አገር መስተዋት ሰቅሎ መተኛት ይቻላል ወይ አለ። 13ኛው አረጋጋው፤ ደረጃውን የጠበቀ ፓኔል ከፋብሪካ ሲወጣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የበረዶ ኳስ፣ በሰዓት 83 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየተመታ ነው የሚፈተነው። 12ኛው ግን ያ ኳስ ሰከላን አይቶ ያውቃል ወይ ብሎ ዘጋው። እንቁላል የሚያህለው ሲመጣ እኔም ዋስትና የምሰጥ አይመስለኝም።

14ኛ። የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ አንቱ ነው የምላቸው፣ ተማሪያቸው ልሆን እችል ነበር። የእኛ አካባቢ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ነው። በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይ ከአናታችን 34 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ሚያዝያ 9 እና ነሐሴ 20 አካባቢ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፣ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል። በሁለቱ መካከል፣ ሰኔን ጨምሮ፣ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ይበቃዋል። አውሮፓ ውስጥ ቀጥ አድርገው የሚሰቅሉትን ቪዲዮ አይቶ 40 ዲግሪ የሚያቆም ባለሙያ አጋጥሟቸዋል፤ ያ ሰው የሰቀለው ለጀርመን ነው አሉ። ጣሪያው ምሥራቅና ምዕራብ የሚያይ ቢሆንም ብዙ አይጎዳም፤ ለጥ ብሎ መተኛቱ ግን ክፉ ነው፤ አቧራና ውኃ ይተኛበታል፣ ዝናብ አያጥበውም።

ቀጥለው ጠየቁኝ፦ ከቤቱ በስተምሥራቅና በስተደቡብ ምን አለ?

15ኛው የእኔ ነው። የአጎቴ ባሕር ዛፍ ነው። አሥራ ስምንት ዛፍ። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ቤታችን ላይ ጥላ ይጥላል። ልጅ ሆነን እዚያ ጥላ ሥር ነው ገበጣ የምንጫወተው።

16ኛ። መምህሩ እንደገና። በአንድ ተርታ የተቀጣጠሉ ፓኔሎች አንድ ወንዝ ናቸው፤ አንዱ ላይ ጥላ ካረፈ የውኃ ጎማ እንደረገጡ ያህል ነው፤ ሌሎቹም ይታነቃሉ። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች የተጠለለውን ክፍል እየዘለሉ ጉዳቱን ያቀሉታል እንጂ አያጠፉትም። የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ከጠቅላላው ፓኔል ሲሶውን ሊወስድ ይችላል። ወይ ዛፉ፣ ወይ ቦታው።

ከ17ኛ እስከ 20ኛ። እዚህ ላይ ክሩ ከእጄ ወጣ። 17ኛው ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ የገባ መርገም ነው፣ ምንጭ አድርቋል፣ ይነቀል አለ። 18ኛው የባሕር ዛፍ ከሰል ባይኖር አገው ምድር ዛሬ በምን ይኖር ነበር ብሎ ተቆጣ። 19ኛው ከሰሉ የአካሻው ነው፣ ዲከረንስ ይባላል፣ ባሕር ዛፍ ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ዛፍ ለይ ብሎ 18ኛውን አዋረደው። ልክ ነበር፤ ቢያንስ ፋግታና እንጅባራ ዙሪያ ያየ ሰው ያውቀዋል። 18ኛው ግን በእርማቱ ፋንታ ስድብ መለሰ። 20ኛው ስለ ጤፍ ዋጋ ጠየቀ። ከየት እንደመጣ እግዜር ይወቅ።

21ኛ። ይህ ደግሞ የከፋው ነው። አንድ ሰው 2ኛው ኤሌክትሪሻን ሻጭ ነው ሲል ከሰሰው። ምልክቱ ምንድን ነው ቢባል፣ በውስጥ መስመር ጄሉን ትቼ ሊቲየም እንድገዛ መክሮኛል፤ የሊቲየም ሱቅ ሳይኖረው አይቀርም። የመከረኝ እውነት ነው፤ ለሌላ ሰው የነገርኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።

22ኛ። ኤሌክትሪሻኑ አጭርና መራራ መልስ ሰጠ። ሱቅ የለውም፤ መሰላልና ፔንሳ ነው ያለው። ከዚያ ስሌቱን በአደባባይ አወጣው። አንዱ ጄል 2,400 ዋት ሰዓት ይዞ ግማሹን ነው የምትበላው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ በ24 ቮልት (በልኩ 25.6) 100 አምፔር ሰዓት ቢሆን 2,560 ይይዛል፤ ሰማንያ ከመቶው ያለ ሥጋት ይበላል፣ ማለትም 2,000 አካባቢ። አንዱ ሊቲየም ሁለቱን ጄል ሊያክል ምንም አልቀረው፤ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይሞላል ይራገፋል፤ ጄሉ በገጠር አያያዝ ከጥቂት ዓመት በኋላ የበር ማስደገፊያ ይሆናል። ሲገዙት ግን ሊቲየም ውድ ነው፤ ይህንን አልሸሸገም። የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለርም ሊቲየም የሚል ማስተካከያ ከሌለው አይገዛ አለ። በመጨረሻ ከሳሹን ሻጭ ሲሉት ምን እንደሚሰማው በራሱ መንደር ስም ጨምሮ ጠየቀው። ያን ክፍል አልፌዋለሁ።

23ኛ። የ4ኛዋ እህት። ሁለታችሁም ተዉ፣ የሰው እናት እንጀራ ትጠብቃለች አለቻቸው። ተዉ።

24ኛ። ከዳንግላ። መብረቅ። ሐምሌ ላይ ግቢው ውስጥ ያለ ዛፍ ሲመታ ሽቦው ላይ በዘለለው ኃይል ኢንቨርተሩ ተቃጠለበት፤ ፓኔሉን አልነካውም። ከሠሩለት ሰዎች አንዳቸውም የመሬት ሽቦ አልቀበሩም ነበር። ምክሩ፦ የሐዲዱ ብረት በወፍራም ሽቦ ታስሮ እርጥብ መሬት ውስጥ ከተተከለ የመዳብ ዘንግ ጋር ይገናኝ፤ ከፓኔል በሚመጣው መስመር ላይ የመብረቅ መከላከያ ይግባ። ከዚያ ስለ ብሬከር የነገረን ለእኔ አዲስ ነው። የቤት መብራት በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ብሬከሩ ሲለያይ ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። ከፓኔልና ከባትሪ የሚመጣው ግን ቀጥ ያለ ስለሆነ ብልጭታው ተያይዞ ይቀጥላል፤ ተራውን ብሬከር እዚያ ላይ የገጠመ ሰው እሳት ነው የገጠመው። ዲሲ የሚል ተጽፎበት ያለውን ጠይቁ።

25ኛ። ሌባስ? በሚል ጀምሮ ውሻውን አወድሶ ጨረሰ።

26ኛ። አንድ ዲያቆን ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲቀጽሉ በጧፍ ጭላጭ እንዴት ያነቡ እንደነበር፣ ኋላ አንድ ምእመን ሁለት ትንንሽ የሶላር ፋኖስ ሲሰጣቸው የቆሎ ተማሪው ሁሉ ቀን ቀን ፋኖሱን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ደበሎውን ለብሶ ሲጠብቅ እንደሚውል ነገሩን። ከጥያቄዬ ጋር አይገናኝም፤ ግን ከዚያ በኋላ ክሩ ውስጥ የሰው ድምፅ ዝቅ አለ። ዲማ ደግሞ የእኛው ጎረቤት ነው።

27ኛ። መርካቶ ዕቃ ቤት ይሠራ የነበረ ልጅ፤ የቀብዱን ጥያቄ በትክክል የመለሰው እሱ ብቻ ነው። ፓኔል ጀርባው ላይ 550 ስለተለጠፈበት ብቻ 550 አይሆንም። ጥሩ ፓኔል በአንድ ካሬ ሜትር በጥርት ፀሐይ 210 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው፤ ስለዚህ ሜትር ይዘህ ሂድ። ርዝመትና ወርዱ ሲባዛ ሁለት ካሬ እንኳን ያልሞላ ፓኔል 550 ሊሆን አይችልም፤ ወረቀቱ ነው የሚዋሸው። ቀትር ላይ ምንም ሳይገናኝ በመለኪያ ሲለካ 50 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ባትሪውን በክብደቱ ነው የሚያውቁት፤ ሁለት ሰው ሊያነሣው የሚገባውን 200 አምፔር ሰዓት ጄል አንድ ልጅ በአንድ እጁ ካነሣው ውስጡ ባዶ ነው።

ክፍያውን በሦስት ክፈለው አለኝ፦ ዕቃው ግቢ ደርሶ ከተለካ በኋላ ትልቁ፣ ተሰቅሎ ሲበራ ሌላው፣ የቀረው ደግሞ አንድ ክረምት ዝናብ ከዘነበበት በኋላ። የሚያፈስ ቀዳዳ በበጋ አይታወቅማ። ባለሙያው እንቢ ካለ የመንገድ መዘጋትን ሰበብ ያደርጋል፤ አባይ በረሃን ለሚያቋርጥ ዕቃ ሰበቡ ሁልጊዜም እውነት ስላልጠፋበት በጽሑፍ ይሁን።

28ኛ። የባሕር ዳሩ 3ኛ ሰው ተመለሰ። እውነትም ሰው ነው፤ አልካደም። ቤቱ ያለው አሥር ፓኔልና 5.5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር ነው፤ የከተማ መብራትም ገብቶለታል። ሚስቱን ሲጠይቃት ምጣዱ ሁልጊዜ የሚሰካው በከተማው መስመር እንደሆነ፣ በሶላር የተጋገረው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ በሁለተኛው ደግሞ መሐል ላይ ጠፍቶባት ጎረቤት ሄዳ እንደጨረሰች ነገረችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳያውቅ በልቷል። ኤሌክትሪሻኑን ይቅርታ ጠየቀ።

29ኛው ሣቅ ብቻ ነው። 30ኛው ኤሌክትሪሻኑ፣ ይቅርታውን ተቀብሎ ሚስትየዋ ወደ መድረኩ እንድትገባ ጋበዛት።

31ኛ፣ የእኔ። ባለሙያው ጋ ደወልኩ። ምጣድ ያልኩት ትንሿን የቡና ምጣድ ነው አለኝ። ምን ልበለው፤ ቀብዱን እንደማልሰጥ ነግሬ በሰላም ተለያየን። አሁን የወሰንነው ሁለት ፓኔል፣ አንድ 24 ቮልት ሊቲየምና 3 ኪሎ ዋቱን ኢንቨርተር ነው። ከቀረው ገንዘብ ምርጥ ምድጃው ይሠራል። አናጢው እንዳለው ወራጁን በሚስማር ወግቼ አየሁት፤ ሁለቱ በምስጥ ተበልተዋል፣ ገና ዓመት ሳይሞላቸው፤ እነሱ ይቀየራሉ። አጎቴ ስለ ዛፉ ሲጠየቅ ለልጁ ሠርግ ሊሸጠው ያሰበው ከጥር በፊት ስለሆነ እስከ ኅዳር እንድንታገሥ፣ ጉቶው ግን የእሱ እንደሆነ ነገረን። ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ እሱም አባቴም ያውቃሉ፤ ሁለቱም አላነሡትም።

እናቴን በስልክ አስረዳኋት። ምጣዱ እንዳልሆነ ስነግራት ዝም አለችና እሺ፣ መጀመሪያውንም ሰውየው አፉ ፈጥኖ ነበር አለች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀች፤ አምፖል ሲገባ መጀመሪያ የሚሰቀለው ማድ ቤት ይሁንልኝ፣ ሳሎኑን እንግዳ ሲመጣ ታደርሱታላችሁ አለች።

እንግዲህ የመጨረሻ ጥያቄዬ ይህች ናት። ማድ ቤቱ ከትልቁ ቤት 14 ሜትር ይርቃል፤ መሐሉ በቆሎ የሚዘራበት ጓሮ ነው። ከኢንቨርተሩ የሚወጣውን ሽቦ በቱቦ አድርጌ ከመሬት ሥር ልቅበረው፣ ወይስ ከፍ አድርጌ በምሰሶ ላሳልፈው? በቆሎው በነሐሴ ከሰው ቁመት ያልፋል፤ አባቴ ደግሞ ጓሮውን የሚያርሰው በበሬ ነው።